ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም፤ ታዲያ ማን ነው የሚወስነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ዓመት ኖራችሁ? አምስት? ሃያ? እስቲ የከንቲባዋን ስም ጥሩልኝ።

ስሙ ካልመጣላችሁ አትጨነቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። የከተማ ምክር ቤትም የላትም። በአማርኛ የተጻፉ ማስታወቂያዎች የሚታዩባት፣ እንጀራ ከሱቅ የሚሸጥባት ይህች ቦታ በሕግ ዓይን ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም። በቀጥታ የምትተዳደረው በሜሪላንድ ስቴት ባለው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ፖሊስ የሚልከው ካውንቲው ነው። የሰፈር መንገዶችን ከበረዶ የሚጠርገው፣ ራይድ ኦን የሚባለውን አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሰው፣ ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍተውም እሱ ነው። አከራይ በዓመት ስንት መጨመር እንደሚችል የሚደነግገውም እሱ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ብዙ ወገን አቤቱታውን ይዞ የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ስለምናይ ነው። ኪራይ ሲጨመርበት ለኮንግረስ አባል ይጽፋል። አውቶቡስ ሲቀርበት ዋሽንግተንን ያማርራል። በሩ ግን ያለው ሮክቪል ነው፤ የካውንቲው ምክር ቤት እዚያ ነው የሚሰበሰበው። በሩን ያገኘ ሰውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ምክንያቱም ጉዳዩ የሚበስለው በዋናው አዳራሽ ሳይሆን ኮሚቴ በሚባል አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው።

ምክር ቤቱ እነማን ናቸው?

ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው። ሥራውን የሚያስፈጽመው የካውንቲው አስተዳዳሪ ነው፤ እንግሊዝኛው ካውንቲ ኤግዘኪዩቲቭ ይለዋል። ሕግ የሚያወጣውና በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው።

ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት። ሰባቱ ከሰባት ወረዳዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ይልካል። አራቱን ደግሞ መላው ካውንቲ ይመርጣቸዋል። የሥራ ዘመናቸው 4 ዓመት ነው። ድሮ 9 ነበሩ። ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ ቁጥሩ 11 እንዲሆን ወሰነ፤ በ2022 ምርጫም 11 ሆኑ።

ሒሳቡን ልብ በሉት። የትም ሰፈር ብትኖሩ የእናንተ ተወካዮች አምስት ናቸው፤ አንዱ የወረዳችሁ፣ አራቱ የሁሉም። ብዙ ሰው አንድ ተወካይ ብቻ ያለው ይመስለዋል። አንዱ መልስ ካልሰጠው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ገና አራት ስልክ አለ።

ኮሚቴ ለምን አስፈለገ?

እድራችሁን አስቡ። 300 አባል ያለው እድር አዲስ ድንኳን ይግዛ ወይስ እየተከራየ ይቀጥል የሚል ጥያቄ መጣ እንበል። 300 ሰው ቆሞ ቢከራከር ይመሻል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ ሦስት ሰው ይመረጣል። ዋጋ ያጠያይቃሉ፣ ጨርቁን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ መጋዘን ይፈልጋሉ። ከዚያ ለጠቅላላ ጉባኤው «ይህኛው ይሻላል» ብለው ያቀርባሉ። ጉባኤው ያንን ሊቀበል፣ ሊያሻሽል፣ ሊጥልም ይችላል። ግን ሦስቱ አጥንተው የመጡትን ነገር መጣል ቀላል አይደለም። የሚጥል ሰው የተሻለ ጥናት ይዞ መምጣት አለበት።

የካውንቲው ቋሚ ኮሚቴም እንደዚሁ ነው። አብዛኞቹ ኮሚቴዎች ሦስት ሦስት አባላት አሏቸው። አንዱ ትምህርትና ባህልን ይከታተላል፤ ሌላው ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎትን። ፖሊስና እሳት አደጋን የሚያይ አለ። መንገድ፣ አውቶቡስና አካባቢ የአንዱ ድርሻ ነው። የከተማ ዕቅድ፣ ቤትና ፓርክ የሌላው ነው። የኢኮኖሚ ልማትና የመንግሥት አሠራርም የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። አንድ አባል በሁለት ኮሚቴዎች ይሠራል። ጉዳዩ ድንበር ሲያልፍ፣ ለምሳሌ የፖሊስ በትምህርት ቤት መገኘት ጥያቄ ሲነሳ፣ ሁለት ኮሚቴዎች በጋራ ይቀመጣሉ።

ከእድሩ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ዝግ ስብሰባ የሚፈቀደው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሲከራከር በአካል ሄዳችሁ መስማት ትችላላችሁ። በዩቲዩብም በቀጥታ ይተላለፋል። ወጥ እያማሰላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ይሰለቸዋል። ንግግር የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሦስቱ አባላት በአንድ ወገን ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው የጉዳዩ ባለሙያ ይቀመጣል። አጠገቡ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አለ፤ የጤና ከሆነ የጤና፣ የትራንስፖርት ከሆነ የትራንስፖርት።

ባለሙያው የማንም አባል የግል ሠራተኛ አይደለም። የሚሠራው ለ11ዱም ነው። ከስብሰባው በፊት አንድ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ፓኬት ይሉታል። ፓኬቱ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ገጽ ነው፤ አንዳንዴም መቶ ያልፋል። አንድ ነዋሪ የላከው ደብዳቤም ከኋላው ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። የሁሉም ቁልፍ ግን የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። እዚያ ላይ ባለሙያው የራሱን የውሳኔ ሐሳብ ያስቀምጣል።

ከዚያ ነጥብ በነጥብ ይሄዳሉ። ባለሙያው ያነባል። አንዱ አባል ኃላፊውን ይጠይቃል፦ «ባለፈው ዓመት የፈቀድንላችሁ የሥራ ቦታ ስንቱ ተሞላ?» ኃላፊው ይመልሳል፤ አንዳንዴ «አጣርቼ እመለሳለሁ» ይላል። ሰብሳቢው ዙሪያውን አይቶ «ተቃውሞ አለ?» ይላል። ዝም ከተባለ አለፈ ማለት ነው። ቀጣዩ ነጥብ። አንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ የሚያገኘው ገንዘብ በዚህ «ተቃውሞ አለ?» በሚለው ቃልና ከእሱ በኋላ ባለው ዝምታ መካከል ሊጸና ወይም ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው አሰልቺውን ስብሰባ መከታተል ዋጋ አለው የምለው።

ሦስት ሰው ባለበት ሁለቱ ከተስማሙ አብላጫ ሆነ። ሰብሳቢው ደግሞ ጉዳዩ መቼ አጀንዳ ላይ እንደሚወጣ ትልቅ ድርሻ አለው። አጀንዳ ላይ ያልወጣ ረቂቅ ደግሞ ተኝቶ ይቆያል።

እስቲ በምሳሌ አሳዩን

ከኪራይ ሕጉ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ብዙዎቻችንን በቀጥታ የነካ ነው።

በ2023 መጀመሪያ ላይ የኪራይ ጭማሪ ያንገሸገሸው ሰው ብዙ ነበር። በዚያ ዓመት ማርች ላይ ሁለት የተለያዩ ረቂቅ ሕጎች ለምክር ቤቱ ቀረቡ። አንዱን የምክር ቤቱ አባላት ዊል ጃዋንዶና ክሪስቲን ሚንክ አመጡት፤ ዓመታዊ ጭማሪ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል። ሌላውን ናታሊ ፋኒ-ጎንዛሌዝ ከሌሎች አባላት ጋር አመጡት፤ የዋጋ ንረቱ ላይ 8 በመቶ ተደምሮ ጣሪያ ይሁን የሚል።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በኪስ ግን እንየው። ኪራያችሁ በወር 1,800 ዶላር ነው እንበል። በመጀመሪያው ረቂቅ ጭማሪው ቢበዛ 54 ዶላር ነው። በሁለተኛው፣ የዋጋ ንረቱ 4 በመቶ ቢሆን፣ 12 በመቶ ይሆናል። 216 ዶላር ማለት ነው። በየወሩ።

ሁለቱም ረቂቆች የዕቅድ፣ ቤትና ፓርክ ኮሚቴ ዘንድ ሄዱ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ተመልከቱ። አንዱ የመጀመሪያው ረቂቅ ባለቤት ጃዋንዶ ናቸው። ሌላዋ የሁለተኛው ረቂቅ ባለቤት ፋኒ-ጎንዛሌዝ ናቸው። ሰብሳቢው አንድሩ ፍሪድሰን ደግሞ በኪራይ ላይ ጣሪያ መጣልን የሚቃወሙ ነበሩ። ሦስት ሰው፣ ሦስት አቋም።

በሕዝብ አስተያየት መስሚያው ላይ ተከራይ የጭማሪ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ መሰከረ። አከራይ የጥገና ወጪና የኢንሹራንስ ዋጋ አስልቶ መጣ። አልሚዎች «ጣሪያ ካበጃችሁ አዲስ ቤት የሚገነባ አይኖርም» አሉ። ኮሚቴው እነዚህን ሁሉ ይዞ በየነጥቡ ተከራከረ። ስንት በመቶ? አዲስ ሕንፃ ስንት ዓመት ነፃ ይሁን? አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብስ?

የሁለቱ ረቂቅ ባለቤቶች መሃል ላይ ተገናኙ። ሁለት ረቂቅ ሆኖ የገባው ነገር አንድ ሆኖ ወጣ፦ የዋጋ ንረቱ ሲደመር 3 በመቶ፣ ሆኖም በምንም ዓይነት ከ6 በመቶ የማይበልጥ። አዲስ ሕንፃ ለ23 ዓመት ነፃ ነው። 1,800 ዶላር ለሚከፍለው ሰው ጭማሪው ቢበዛ 108 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

በጁላይ 2023 ሙሉ ምክር ቤቱ 7 ለ4 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ፍሪድሰን እዚያም ተቃወሙ። አስተዳዳሪው ማርክ ኤልሪክ ፈረሙበት። ተግባራዊ የሆነው ግን ዝርዝር ደንቡ ከወጣ በኋላ፣ በጁላይ 2024 ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለነበረው አንድ ዓመት የተፈቀደው ጣሪያ 5.7 በመቶ ነበር።

በዜና የሰማነው «7 ለ4» የሚለውን ነው። 6 የሚለው ቁጥር የተወለደው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሦስት ሰው መካከል ነው።

ኮሚቴው ያለው ይጸናል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ኮሚቴ የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሙሉ ምክር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሰበሰብ ማሻሻያ ሊቀርብ ይችላል። ረቂቅ ሕግ ለማለፍ ከ11 ድምፅ ቢያንስ 6 ያስፈልገዋል። ካለፈ በኋላ አስተዳዳሪው 10 ቀን አለው፤ ይፈርማል ወይም ይመልሰዋል። ቢመልሰውም ምክር ቤቱ በበቂ ድምፅ ሊሽረው ይችላል።

ሆኖም ኮሚቴ ውስጥ ያልነበሩት ስምንት አባላት በየራሳቸው ኮሚቴ የሚበቃ ሥራ አላቸው። በሌላው ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚተማመኑት ባጠኑት ላይ ነው። ይህ ተፈጥሯዊ ነው።

በጀት ላይስ ምን ይሠራሉ?

ከሕግ ይልቅ በጀት የኮሚቴዎች ዋና ሥራ ይመስለኛል። ያለ ገንዘብ ሕጉም ወረቀት ነው።

አስተዳዳሪው በየዓመቱ እስከ ማርች 15 የሥራ ማስኬጃ በጀቱን ለምክር ቤቱ ይልካል። ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ማጽደቅ አለበት፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። በዚህ አጭር ጊዜ 11 ሰው ሁሉንም ገጽ አብሮ ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ በጀቱ ተቆርጦ ለየኮሚቴው ይከፋፈላል። በ2025 ጁን መጨረሻ ላይ የራይድ ኦን ክፍያ ሲነሳና አውቶቡሱ ለሁሉም ነፃ ሲሆን እንኳ፣ ገንዘቡ በዚህ የበጀት መንገድ ውስጥ ማለፍ ነበረበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዝርዝር አለ። ኮሚቴው አስተዳዳሪው ካሰበው በላይ ገንዘብ ለአንድ ነገር መጨመር ቢፈልግ ወዲያው አይሰጥም። የማመጣጠኛ ዝርዝር ላይ ያሰፍረዋል። ለፋሲካ ገበያ የምትወጣ እናት እንደምታደርገው ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ የግድ ነው። ከዚያ ደግሞ «ከተረፈ» የሚባል አለ፤ አዲስ ረከቦት፣ የልጆች ልብስ። ኮሚቴውም ዝርዝሩን ደረጃ ይሰጠዋል፤ ይህ በጣም አስፈላጊ፣ ያኛው ቢገኝ ጥሩ ብሎ። በሜይ አጋማሽ ላይ ሙሉ ምክር ቤቱ የሁሉንም ኮሚቴዎች ዝርዝር ደርድሮ፣ ያለው ገንዘብ እስከሚደርስበት ድረስ ይመርጣል።

አረጋውያንን የሚያጓጉዝ አገልግሎት ወይም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን የሚይዝ ማኅበር ካላችሁ ይህን ያዙ። በኤፕሪል ኮሚቴው ዝርዝር ላይ ያልገባ ጥያቄ በሜይ መጨረሻ ለማስገባት በጣም ይከብዳል። በመጨረሻው ቀን አዳራሽ ሞልቶ መገኘት ያምራል፤ ግን ገበያው ያኔ ተዘግቷል።

የልጄ ትምህርት ቤት ጉዳይስ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከካውንቲው በጀት ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። ምክር ቤቱ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይወስናል። የትኛው ትምህርት ቤት ስንት መምህር ይኑረው፣ ምን ይማሩ፣ የክልል ወሰኑ የት ይሁን የሚለውን ግን አይወስንም። ያ የትምህርት ቦርዱ ሥልጣን ነው። ቦርዱ ለብቻው የሚመረጥ ሌላ አካል ነው። አባት ለልጁ የእጅ ወጪ ሰጥቶ ልጁ ምን እንደገዛበት መጠየቅ ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ግን አይመርጥለትም። የትምህርት ኮሚቴውም እንደዚሁ ይጠይቃል፣ ያነጻጽራል፣ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ሐሳብ ያቀርባል።

ታዲያ እኔ መቼ ልናገር?

መንገዱ ይህን ይመስላል። ረቂቁ ይቀርባል። ቀጥሎ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ይደረጋል። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። በመጨረሻ ሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል።

መናገር የሚቻለው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። አጭር ነው፤ «እንደምን አላችሁ» ሲባል ሩቡ ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቅመው ቁጥርና የራስ ታሪክ ነው፦ ኪራዬ ይህን ያህል ነበር፣ ይህን ያህል ሆነ፣ ደብዳቤው ይኸው። በእንግሊዝኛ የማይመቸው ሰው አስቀድሞ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። አማርኛ በካውንቲው ውስጥ በብዛት ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ለካውንቲው እንግዳ አይደለም። ጎንደርም ከ2012 ጀምሮ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እህት ከተማ ናት።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ግን ከታዳሚ አስተያየት አይቀበልም። መስማት ይቻላል፤ እጅ ማውጣት የለም። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ኢሜይልና ስልክ ነው፤ በተለይ ለኮሚቴው አባላት። ለ11ዱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመላክ ይልቅ፣ ፓኬቱን አንብቦ «በገጽ 4 ላይ ያለው ሐሳብ እኔን እንዲህ ይጎዳኛል» ብሎ ለሦስቱ መጻፍ ይበልጣል። በአድራሻ ያልተጻፈ ደብዳቤ ማንም የእኔ ነው አይለውም።

ሌላ ቦታ ብኖርስ?

ሞንትጎመሪ ውስጥ እንኳ ሁሉም አንድ አይደለም። ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግና ታኮማ ፓርክ የራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት ያላቸው ከተሞች ናቸው። የካውንቲው ሕግ ሁሉ እዚያ ይሠራል ማለት አይደለም። ታኮማ ፓርክ ካውንቲው ሳያስበው ከብዙ ዓመታት በፊት የራሷን የኪራይ ሕግ ይዛ ነበር። ስለዚህ የፖስታ አድራሻችሁ የሚለውን ብቻ አትመኑ። «ሲልቨር ስፕሪንግ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት ሌላ የአስተዳደር ወሰን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም 11 አባላት ያሉት ምክር ቤት አለው፤ 9 ከወረዳ፣ 2 ከመላው ካውንቲ። ቨርጂኒያ ስትሻገሩ ስሙም ይለወጣል። ፌርፋክስ ካውንቲን የሚመራው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ነው፤ 10 አባላት አሉት። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በየትኛውም ካውንቲ ውስጥ የለችም። ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ የከንቲባዋን ስም የጠየቃችሁት የአሌክሳንድሪያ ሰው መልስ አለው።